ሁለት የአባት ስም

ይንገሩን ብለው የያዙኝ ግቢዬ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩት የነርስ ተማሪዎች ናቸው። አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። ዝናብ ሲሆን ልብሳቸውን እኔ በረንዳ ላይ ያሰጣሉ፤ ልብሱ እስኪደርቅ ወሬ ይጀመራል። ቦንጋ ደግሞ ልብስ ቶሎ የሚደርቅበት አገር አይደለም።

የልጅ ልጄ ነርስ መሆኗን ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ፈቃዷ አልታደስ ብሎ ከሥራዋ ርቃ እንደነበርም ከጎረቤት ሰምተዋል። ገና ሳይመረቁ ፍርሃቱ ይዟቸዋል። ሲኦሲ የሚሉት ፈተና አለባቸው፤ እሱን ያለፈ ይመዘገባል፤ የተመዘገበ የሙያ ፈቃድ ያገኛል፤ ፈቃዱ ደግሞ ዕድሜ አለው፣ ሲያልቅ ይታደሳል። ካልታደሰ ነርሷ ያው ነርስ ናት፣ በሽተኛ ግን አትነካም። ይሄን ሁሉ የነገሩኝ እነሱ አይደሉም፤ እኔ ነኝ ለእነሱ የነገርኳቸው። በመከራ ነው የተማርኩት።

«እማማ፣ ልጅዎ ምን አጥፍታ ነው?» አለችኝ ትንሿ።

እሷ ምንም አላጠፋችም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት። እንግዲህ ይኸው ጻፍኩላቸው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ ጽሑፌም እንደ ወሬዬ ሄድ ይላል፣ ይመለሳል። ታገሱኝ።

ልጅቷ የሴት ልጄ ልጅ ናት። ያኔ የምንኖረው ሺሺንዳ ነበር። ባለቤቴ ኮረሪማና ማር ከገበሬ እየገዛ በአውቶቡስ ይልካል፤ እኔ ጓሮዬን ይዣለሁ። አንድ የደካ ሰው፣ አናጺ፣ ቤት ሊሠራ መጥቶ ሺሺንዳ ከረመ። ልጄ ከእሱ ወለደች። ሰውየው ሽማግሌም ሳይልክ፣ ሥራው ሲያልቅ መጋዙንና መዶሻውን ሰብስቦ ወደ አገሩ ገባ። ልጄም ቆይታ ሌላ ባል አገባችና ጅማ ሄደች። እንዲህ ሲሆን በእኛ ዘንድ ልጁ ከአያቱ ጋር ይቀራል። አያቱን አባዬ ይላል፣ በአያቱም ስም ይጠራል። ማንም ነውር አይለውም። በዚህ አገር ስንቱ ሹፌር፣ ስንቱ አስተማሪ የሚጠራው በአያቱ ስም መሰላችሁ።

ሰባት ዓመት ሲሞላት ላስመዘግባት ወሰድኳት። ባለቤቴ ጠዋት ተነስቶ ጫማዋን ራሱ አጥቦ፣ ደብተሯን በጋዜጣ ሸፍኖ ነው የላከን። መምህሩ መዝገቡን ዘርግቶ የልጅቷን ስም ጻፈ፤ ከዚያ «የአባት ስም?» አለኝ። ልጅቷ እጄን ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች። የደካውን ሰው ስም ብጠራ፣ እማዬ ያ ማነው ትለኛለች። ደግሞስ ያን ጫማ ያጠበው ማን ነበር? የባለቤቴን ስም ነገርኩት። መምህሩ ጻፈና ቀጣዩን ጠራ። በቃ፣ ይኸው ነው። የዚህን ያህል ቀላል ነበር።

በዚያ ስም ስምንተኛን ተፈተነች፣ አሥረኛን አለፈች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። እኔም በጊዜዬ እጄ ላይ ስንት ልጅ ተወልዷል። የልምድ አዋላጅ ይሉናል። ማንም አልመዘገበኝም፣ ማንም ፈቃድ አልሰጠኝም። ሴትየዋ ከዳነች፣ ልጁ ካለቀሰ፣ ወረቀቴ እሱ ነበር። ኋላ የጤና ሰዎች መጥተው አዋላጆችን ሁሉ ሰበሰቡን። ምሳ አበሉን፣ ሳሙና ሰጡን፣ ከዚያ ከዛሬ ወዲያ እጃችሁን ሰብስቡ አሉን። እናትን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ኑ እንጂ ቤት አታዋልዱ። ምላሷ የማያርፍ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፤ «ታዲያ ሳሙናው ለምንድነው?» አለቻቸው። ሳቅን። እኔ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ ሳሙናውን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

ደግሞም አልሰበሰብኩትም። በዚያው ክረምት ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ሳለ የጎረቤት ልጅ ምጥ ያዛትና ጠሩኝ። ቀትር ላይ ነው። አልመጣም ማለት አቃተኝ። የልጅ ልጄ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ውሃ ታቀብለኝ ነበር። ሕፃኑ በእግሩ መጣ። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ፤ የማውቀው አልበቃም። እናትየዋን በቃሬዛ በዚያ ጭቃ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። ማንም አልወቀሰኝም፤ እናትየዋም እስከ ዛሬ ገበያ ስታገኘኝ አቅፋ ትስመኛለች። የልጅ ልጄ ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ነርስ እሆናለሁ ማለት የጀመረችው ግን ከዚያ ክረምት በኋላ ነው።

ኮሌጅ ስትገባ እኛም ተከትለናት ቦንጋ ገባን። ተመረቀች። ሲኦሲውን አለፈች፣ ተመዘገበች፣ የመጀመሪያ ፈቃዷን ይዛ መጣች። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ስሙን በጣቱ እየነካ ያነባል፤ ከእሷ ስም ቀጥሎ ያለውን። «እኔም ነርስ ሆንኩ እኮ» ይለኝ ነበር። ሰው ሲመጣም ያንኑ ይደግማል። ከዋጫ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ተመደበች፤ ዓመት ሳይሞላት እሱ ታሞ ሞተብን።

አርባው እንደወጣ ቀበሌ ጠራኝ። ቤቱ በባለቤቴ ስም ነበርና የቤተሰቡ ማኅደር ወደ እኔ ይዛወር ተባለ። ሄጄ ወረፋ ይዤ ተቀመጥኩ። ጥቁር ለብሻለሁ፣ አንገቴን ደፍቻለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ ሁለት ጊዜ ካልደገመ አልሰማም። የምትጽፈዋ ልጅ በቤቱ ያሉትን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የልጅቷን ስም ከነአባቷ ነገርኳት፤ ምንዎ ናት አለችኝ፤ የልጅ ልጄ አልኳት። እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እማማ፣ ይሄ የሟች ባለቤትዎ ስም አይደል? የልጅ ልጅ ከሆነች አባቷ እሳቸው ሊሆኑ አይችሉም። አባቷ ማነው?»

ቀጥላም ፎርሙ ግርጌ ያለውን አነበበችልኝ፤ የሐሰት ቃል የሰጠ በሕግ ይጠየቃል ይላል። እኔ ሕጉን አይደለም የፈራሁት። ባለቤቴ ፈጣሪ ፊት ቆሞ ሳለ፣ እኔ እዚህ በእሱ ስም የሐሰት ቃል ልስጥ? የደካውን አናጺ ስም ተናገርኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ስሙን ከአፌ ሳወጣ ልጅቷ አልሰማችኝም፤ ደገምኩላት። ማኅተሙ ሲያርፍ ግን ቀለል አለኝ። ንጹሕ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ በእግሬ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ወረቀት ከወረቀት ጋር እንደሚነጋገር በምን አውቄ። አንዱ ሺሺንዳ አለ፣ አንዱ ቦንጋ አለ፤ እያንዳንዱ በየሣጥኑ ተኝቶ የሚቀር ይመስለኝ ነበር።

በኋላ የልጅ ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ የቀበሌ መታወቂያዋ ጊዜው አልፎ ነበርና ልታሳድስ ሄደች። ከማኅደሩ ላይ ገልብጠው፣ በአናጺው ስም አዲስ ሰጧት። ቤት ገብታ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችኝ። እውነቱን ድሮ ታውቀዋለች፤ ልጅነቷ ሲያልፍ እናቷ ነግራታለች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

እኔ ነኝ፣ እውነቱን ነው ያስጻፍኩት አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኽብኛል። እሷ እሺ ብቻ አለችኝ። በማግሥቱ ልታስተካክል ቀበሌ ብትሄድ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል አሏት። ፈቃዷ ደግሞ የሁለት በጋ ዕድሜ ነበረው፣ ጤና ጣቢያውም ሰው አንሶት ነይ ነይ ይላታል። ስመለስ አደርገዋለሁ ብላ ወደ መናኸሪያ ሄደች። እንደምታውቁት፣ ስመለስ የተባለ ነገር አይመለስም።

ፈቃዷ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ፋይሏን ይዛ ቦንጋ መጣች። አብሬያት ፈቃድ ወደሚታደስበት ቢሮ ሄድኩ። ምን እንደምሠራ ባላውቅም፣ ብቻዋን አትሂድ ብዬ ነው። ደረጃው ብዙ ነው፣ ጉልበቴ ያኔም ይመኝ ነበር፣ አግዳሚው ላይ ከኔ በፊት የመጡ ነርሶችና አዋላጆች ተደርድረዋል። ሁሉም ፋይል ታቅፈዋል፤ ኮፒው፣ ኦሪጅናሉ፣ የሥራ ልምዱ፣ የጤና ምርመራው፣ ሥልጠና የወሰዱበት ወረቀት። ያለ ሥልጠና አይታደስም፤ እሷ ሥልጠናውን በየዓመቱ ወስዳ ከሚፈለገው በላይ ነበራት። ወረፋዋ ደረሰ። መነጽር ያደረገች ጸሐፊ፣ ትሑት ልጅ፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ገለጠች። መጨረሻ ላይ መታወቂያውና ዲፕሎማው ጎን ለጎን ሆኑ። ቆመች።

ዲፕሎማው የሌላ ሰው ነው አለች። የኔ ነው አለቻት ልጄ፤ የልጅ ልጄን ልጄ ማለት ለምዶብኛል። ታዲያ አባትሽ ማነው አለች። ልጄ ጀመረች፣ አያቴ ነው ያሳደገኝ፣ በትምህርት ቤት እንዲህ ተጻፈ፣ በቀበሌ እንዲህ ተባለ። ከኋላችን የተሰለፉት ጠጋ ጠጋ አሉ፤ ሰው የራሱን ቤት ጉዳይ በመስኮት ሲናገር ሁሉም ጆሮ ይሆናል። ጸሐፊዋ ታግሳ ሰማቻት። በሟች እህቷ ወረቀት ስንት ጊዜ መርፌ ስትወጋ የኖረች ሴት አጋጥማቸው እንደነበር ነገረችን። ስለዚህ ስሙ ካልገጠመ አልፈርምም አለች። ፍርድ ቤት ሄዳችሁ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው የሚል ውሳኔ አምጡ።

እኔ አላስቻለኝም፤ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ልጄ፣ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ እሷ እሷ ናት አልኳት።

«አምንዎታለሁ እማማ» አለችኝ። «የኔ ማመን ግን አይጻፍም።»

ቅር አላለኝም። እውነቷን ነው። እኔንም በጊዜዬ በእጄ የወለደች ሁሉ ታምነኝ ነበር፤ ያም አልተጻፈም።

ፍርድ ቤት አመለከተች። ቀጠሮ ተሰጠ። ምስክር ተባለ፤ እኔ አንዷ ሆንኩ፣ ሁለት የሺሺንዳ ሽማግሌዎች ተጨመሩ። ዳኛው መዝገቡን አይተው፣ ወላጅ አባት በሕይወት ካለ ቀርቦ ቃሉን ይስጥ አሉና ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። አባትየው የት እንዳለ፣ ይኑር ይሙት፣ ማናችንም አናውቅም። የቀጠሮው ቀን ደግሞ ፈቃዷ ካለቀ በኋላ ነው የሚውለው። ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ እኔ ቤት ቀረሁ። ሌሊቱን ሁሉ አልተኛም ብል ውሸት ነው፤ እተኛለሁ፣ ደክሞኝ እነሳለሁ እንጂ።

ፈቃዱ ባለቀ በሦስተኛው ሳምንት ከዋጫ የመጣች ነጋዴ፣ ልጅሽን ካርድ ክፍል አየኋት፣ መርፌውን አስጥለዋታል እንዴ አለችኝ። በማግሥቱ አንድ ጠርሙስ ማር ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በሺሺንዳ ስናልፍ አንገቴን አላዞርኩም።

ስደርስ እውነት ካርድ ክፍል ናት። ነጩን ጋውኗን አውልቃለች፣ በሹራብ ናት፤ ከመደርደሪያው ካርድ እየፈለገች ትሰጣለች። አንዲት የገጠር ባልቴት መስኮቱን ይዘው አልለቅም ብለዋል።

«ሲስተር፣ አንቺ ካልወጋሽኝ ለማንም አልሰጥም ክንዴን።»

«ዛሬ እኔ ካርድ ነኝ እማማ» አለቻቸው። «የምትወጋዎት ከኔ ትሻላለች፤ እጇ ቀላል ነው።»

«ካርድ ስትሆኚ ደመወዝሽን ቀነሱት እንዴ?»

«ኧረ ወሬውን ነው የጨመሩልኝ።»

ባልቴቷ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። እኔ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ፊቷ ከስቷል። ማሩን ሰጠኋት፣ ግንባሯን ሳምኳት፣ ሽንት ቤት እንደሚፈልግ ሰው ወጣሁና የኃላፊውን ቢሮ ጠይቄ ገባሁ።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ከሷ ብዙ አይበልጥም። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። አልቀመጥም አልኩ። ያን ያህል ቃል ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ እኔ እንኳን ሰው ልቆጣ፣ ዶሮ ከጓሮ ሳባርር ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ልጄን ያልተማረችበት ክፍል ውስጥ ከተትካት አልኩት። ሰው ሲሞት ትጠራታለህ፣ ሰው ሲወለድ ትጠራታለህ፣ አንድ ወረቀት ቢዘገይባት እንደ ሌባ ታስቀምጣታለህ አልኩት። እሱ አንገቱን አቀርቅሮ ሰማኝ። ደንብ ነው እማማ አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ደንቡን ያወጡት ሰዎች እናቶቻቸውን ያዋለደው ማነው?» አልኩት። «እኔን የመሰለች ናት። ፈቃድ ያልነበራት።»

ሻይ ላስመጣልዎት አለ። አልጠጣም ብዬ ወጣሁ። ልጄ ከኋላዬ ስትሮጥ ደረሰችብኝ፤ ምን አልሽው ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ፊቴ ግን ነገራት መሰለኝ፣ ዐይኗ እንባ ሞላ። ተቆጥታ ነው አልኩ በልቤ፤ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ደካ ነው የቀረኝ፤ አናጺው በሕይወት ካለ እዚያ ይገኛል ብዬ። ልጄ ልሂድ ብትል አልፈቀድኩላትም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የምሄደውም እኔ ነኝ። ሁለት መኪና ቀያይሬ ሄድኩ። የደካ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ጭጋጉ ከቀትር በኋላም አልተነሳም። አናጺውን የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ የከተማውን በር ሁሉ የሠራ እሱ ነው። ቤቱ ስደርስ ግቢው ውስጥ ጣውላ እየላገ አገኘሁት። ጸጉሩ ሸብቷል። ማን መሆኔን ሳልነግረው መላጊያውን አስቀመጠ።

ሚስቱ ደግ ሴት ናት፤ ቆጮና ጎመን አቀረበችልኝ፣ እሳቱን ወደ እኔ ገፋችው። እንግዳዋ ማን ናቸው አለችው። የሺሺንዳ ሰው ናቸው፣ ድሮ ቤት ሠርቼላቸው ነው አለ። እንባዬን በጭሱ እያሳበብኩ በላሁ፣ አመሰገንኩ፣ ተነሳሁ። ሊሸኘኝ እስከ አጥሩ ድረስ ወጣ። ጉዳዩን ነገርኩት። ምድር ምድሩን ያያል።

«እትዬ፣ ሚስቴ አታውቅም» አለኝ። «ልጆቼም አያውቁም።»

«ቤትህን ልበትን አልመጣሁም» አልኩት። «ስምህንም ውሰድ ብዬ አይደለም፤ እሷ ስም አላት። የምፈልገው ዳኛ ፊት ቆመህ አውቃታለሁ እንድትል ብቻ ነው። እጇን አስረውባታል።»

የአጥሩን እንጨት በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። የቀጠሮውን ቀንና ቦታ ሁለት ጊዜ ነግሬው ሄድኩ። መኪናው ውስጥ አለቀስኩ። አይመጣም ብዬ ደመደምኩ፤ ለልጄም እንዳትጠብቂ አልኳት። ካልመጣ ቀጠሮው ይተላለፋል፣ ሌላ ሁለት ወር ነው፣ ከዚያም ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ሊመደብ እንደሚችል ሰምተናል። ከስንት ዓመት ልፋት በኋላ ካርድ ስታወጣ ልትኖር ነው።

የቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመናል። ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። ልጄ ቀሚሷን አሥር ጊዜ ታስተካክላለች። አናጺው ከሩቅ ብቅ አለ፤ ከፊቱ ደግሞ ሚስቱ። እሷ ናት የምትመራው።

«ሃያ ሰባት ዓመት ዝም ያለ ሰው ነው» አለችን ገና ሰላምታ ሳትሰጥ። «ዛሬም እኔ ባልጎትተው የት ሊደርስ ነው? እኚህ ሴትዮ ቤት ተሠርቶላቸው ለምን ዐይናቸው ቀላ ብዬ ብጠይቀው ነው የተናዘዘው።» ከዚያ ልጄን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ይሄ አፍንጫ እያለ ዳኛው ምን ምስክር ይፈልጋል?»

ልጄ ሳቀች። በነዚያ ወራት ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። አናጺው አጠገቧ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል፤ ደህና ነሽ ወይ አላት፤ ደህና ነኝ፣ እርስዎስ አለችው። ሌላ አልተነጋገሩም።

መጀመሪያ እኔን አስገቡኝ። ማልሁ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ አንዲት ልጅ ናት፣ ለትምህርት ቤት አንድ አባት፣ ለቀበሌ ሌላ አባት ያስጻፉት ለምንድነው አሉኝ። ስመጣ በመንገድ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ።

«አንዱን ልጅቷን ፈርቼ፣ አንዱን እግዜርን ፈርቼ ነው ጌታዬ» አልኩ።

ጸሐፊያቸው መጻፉን አቁሞ ቀና አለ። ዳኛው እንዲህ ብለህ ጻፈው አሉት፣ እንዳሉት።

አናጺውም ገባ፤ ቃሉ አጭር ነበር። የወለድኳት እኔ ነኝ አለ፤ ያሳደጓትና ያስተማሯት ሟች ናቸው፤ በእሳቸው ስም ብትጠራ መቃወሚያ የለኝም፣ የምቃወምበትም አፍ የለኝም። ይሄን ካለ በኋላ እንዲወጣ ሲነገረው በሩን ማግኘት አቅቶት ቆመ፤ በሩን የሠራው ሌላ አናጺ ነው ብላ ሚስቱ በኋላ ቀለደችበት።

ውሳኔው ከሳምንት በኋላ ተሰጠ። ሁለቱም ስም የአንዲት ሴት ነው፤ በትምህርት ማስረጃዋ ላይ ባለው ስም ትጠራ፤ ቀበሌውም መዝገቡን ያስተካክል። መታወቂያው ተለወጠ። ያቺው መነጽር ያደረገች ጸሐፊ ውሳኔውን ሦስት ጊዜ አነበበች፣ ኮፒውን ከኦሪጅናሉ አመሳከረች፣ ፈረመች። የምዝገባ ቁጥሯ ያው የድሮው ነው። ደረጃውን ስንወርድ ልጄ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ፈልጌ አፌ ከበደኝ። ደስታም ጉልበት ይፈልጋል፤ ያኔ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

እሷም ጋውኗን ለብሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያ ኃላፊ ሰላም ሲለኝ ግን ለዓመታት በቅጡ አልመለስኩለትም። ለበዓል ልጄን ልጠይቅ ስሄድ ባገኘው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አልፈዋለሁ። እሷ ጥሩ ሰው ነው እማዬ ትለኛለች፤ እኔ ይሁን እላለሁ፤ ልቤ ግን አልተመለሰም።

ባለፈው መስከረም ያ ኃላፊ፣ ታናሽ እህቱ ቦንጋ ኮሌጅ ደርሷት፣ ክፍል ፍለጋ በሬን አንኳኳ። እሱም ጎልምሷል፣ ጸጉሩ ሳስቷል። ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ግባ አልኩት፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ በር ላይ መመለስ ነውር ነው። ቡና ቀድቼለት፣ ያን ጊዜ ክፉ ተናገርኩህ፣ አንተም የታዘዝከውን ነው ያደረግኸው አልኩት።

ምንም አልታዘዝኩም አለኝ። ልጄን ከሥራዋ ያነሳት እሱ አልነበረም። ፈቃዷ ባለቀ ማግሥት ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳያውቅ፣ ቢሮው ገብታ ጋውኗን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቆይ፣ ሥራሽን ቀጥዪ፣ ወረቀቱ ይደርሳል ብሎ ለምኗት እምቢ አለች። ካርድ ክፍሉን የመረጠችው ራሷ ናት። እንዳይነግረኝም አስማለችው፤ እማዬ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታከብደዋለች ብላ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ስናገርህ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«መሐላ ነበረብኝ» አለ። «ደግሞም የኔ የራሴ የሙያ ፈቃድ ያኔ ሳይታደስ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር።»